ሳሉ ሳይኖር የሚያልቅ ሽሮፕ

ኢሉባቦር ውስጥ ሳል ከቤት የሚጠፋበት ወር ጥቂት ነው። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይወርዳል፤ ጎሬ ላይ በዓመት የሚዘንበው 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ ቆም ሲል የቡና ለቀማው ይደርሳል፣ የጀንፈሉ አቧራ ይነሳል። የማድቤት ጭስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ። ስለዚህ በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በኖፓ፣ ግማሹ የተጠጣ የሳል ሽሮፕ የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ጠርሙሱ ከስኳሩ ጎን ይቀመጣል። ስንት እንደቀረ የሚያይ የለም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጠርሙስ ነው። የተጻፈውም ቀን ሥራ ላይ ለሚውሉ፣ በቤታቸው ወይም ከተማ በተከራዩለት ክፍል ውስጥ ጎረምሳ ልጅ ላላቸው ሰዎች ነው።

ወላጅ ስለ ጎረምሳ ልጁ ሲሰጋ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጫት፣ ወደ አረቄና ወደ ሺሻ ነው። ሥጋቱ ልክ ነው። ግን ሦስቱም ያሳብቃሉ፤ አረቄ ይሸታል፣ የሺሻ ጢስ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ጫት የቃመ ልጅ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሽሮፕ የጠጣ ልጅ የሚሸተው ጉንፋን እንደያዘው ልጅ ነው፤ እናቱም «ይማርህ» ብላ ታልፈዋለች። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጠርሙሱ ከቤት ነው፣ መግዛቱም አያስከስስም። «መድኃኒት እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ልጆቹ የተማሩት ከእኛው አፍ ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ለቆመ ሰው ነገሩ እንዲህ ይታያል። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ይገባል።

«ጋሼ፣ የሳል ሽሮፕ ይስጡኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ።»

«ሳሏ አክታ አለው ወይስ ደረቅ ነው?»

ልጁ በሩን ያያል። «ደረቅ... መሰለኝ።»

አብዛኛውን ጊዜ እውነትም እናቱ ልካው ነው። እዚህ አገር ልጅ ወደ ሱቅ እንደሚላከው ሁሉ ወደ መድኃኒት ቤትም ይላካል፤ ስለዚህ ባለሙያው የላኩትን ልጅ ራሱን ከላከው ልጅ የሚለይበት መንገድ የለውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ልጁ በሳምንት ውስጥ ሲመለስ ነው። አሁን ለአያቱ ነው። በሚቀጥለው ለአከራዩ። መቱ ውስጥ መድኃኒት ቤቱ አንድ አይደለምና በአንዱ የተጠረጠረ ልጅ ወደ ሌላው ይሻገራል። ባለሙያው ያቺን እናት አያውቃትም፤ እሷም ስሟ ስንት ጊዜ እንደተጠራ አታውቅም። ከዛሬ ጀምራችሁ ልትለውጡት የምትችሉት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ለመድኃኒት ልጅ አትላኩ። የግድ ከሆነ የሚመጣውን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፋችሁ፣ ከታች ስልካችሁን አስፍራችሁ ላኩት። «ከተጠራጠሩ ይደውሉልኝ» የሚል ወረቀት የያዘ ልጅ ሁለተኛ ጠርሙስ ለመጠየቅ ይከብደዋል።

ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት እንዲሸጥ የተፈቀደው ገዢው በጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቦ በልኩ ይወስዳል ተብሎ ነው። የእኛ ቤት ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ደቃቅ ነው፤ ያንን የሚያነበው ደግሞ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰው ልጅ ነው። እናት ስንት ማንኪያ እንደምትጠጣ የምትጠይቀው እሱን ነው። ለታናሽ እህቱ የሚለካላትም እሱ ነው። ሊጠበቅ የሚገባውን ልጅ ራሱን ጠባቂ አድርገነዋል።

እንግሊዝኛ መማር አይጠበቅባችሁም። ጥቂት ስሞችን ግን በጆሮ መልመድ ያስፈልጋል፤ የፋብሪካው ስም ይለዋወጣል፣ ውስጡ ያለው መድኃኒት ግን ያው ጥቂት ዓይነት ነው። ስትገዙ ባለሙያውን «ውስጡ ምን አለ? በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በእስክሪብቶ ጻፉልኝ» በሉት። ሥራው ነው፤ ቅር አይለውም። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ልጁን «እስኪ ይሄን አንብብልኝ፣ ለምን እንደሚሆንና ከስንት በላይ እንደማይወሰድ ንገረኝ» ብላችሁ አስነብቡት። ሁለት ነገር በአንዴ ይሆናል። እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሱም እንደምታውቁ ያውቃል።

የመጀመሪያው ስም ዴክስትሮሜቶርፋን ነው። ለደረቅ ሳል የሚሰጥ፣ አንጎል ውስጥ ያለውን የሳል ትእዛዝ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሸጥ ሆኗል። በልኩ ሲወሰድ ብዙ ጉዳት የለውም። ልኩ ከ12 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ 120 ሚሊ ግራም ነው። ከልኩ ብዙ ሲያልፍ ግን ሥራው ይለወጣል፤ ሰውየው ከራሱ አካል የተለየ ይመስለዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ እግሩ አይታዘዘውም፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ላቡ ይወርዳል። ልጆቹ የሚፈልጉት ይህንኑ «መጦዝ» ነው። ለድብርት ወይም ለጭንቀት ፍሉኦክሴቲንን የመሰለ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ደግሞ ይህን ሽሮፕ አብዝቶ ቢጠጣ ሁለቱ ተደራርበው ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ሊያመጡበት ይችላሉ። ከአእምሮ ሕክምና ክፍል መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቤቱ ካለ ይህን ለባለሙያው ሳይነገር የሳል ሽሮፕ መገዛት የለበትም።

ሁለተኛው ኮዴይን ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ኮዴይን ያለ ማዘዣ ሊሸጥ የማይገባው፣ ከኦፒየም ወገን የሆነ መድኃኒት ነው። ሰው ግን የሳል ሽሮፕ እስከሆነ ድረስ ሁሉንም እኩል ያያል። ኮዴይን ራሱ ብዙ አቅም የለውም። ጉበት ሲደርስ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ሕመም የሚያስታግሰውም፣ እንቅልፍ የሚጥለውም፣ ሲበዛ ትንፋሽ የሚያቆመውም ያ ሞርፊን ነው። ይህን ለውጥ የሚያደርገው ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ፍጥነቱም ከሰው ሰው ይለያያል። በ1996 እ.ኤ.አ. ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ኤሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህን ኢንዛይም የሚያመርተው ጂን ተደራርቦ ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው።

ይህ ለወላጅ ምን ማለት ነው? ከአሥር ልጆቻችን ሦስቱ ገደማ ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጡት በጣም ፈጥነው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማን ከሦስቱ፣ ማን ከሰባቱ እንደሆነ በመልክ አይታወቅም። የውጭ አገር ወጣት ሽሮፕ ከለስላሳ ጋር ደባልቆ ሲጠጣ በቲክቶክ አይቶ ያንኑ ያህል የሚቀዳ የመቱ ልጅ፣ ሌላው ተኝቶ የነቃበት መጠን እሱን ላያስነሳው ይችላል። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለሳልና ለጉንፋን እንዳይሰጥ ወሰኑ። አሜሪካ በ2018 ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አደረገችው። ሁለቱም የእኛን ያህል ፈጣን ለዋጭ የሌለባቸው አካባቢዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ጎረምሳ ወይም ሕፃን ባለበት የኢትዮጵያዊ ቤት መግባት የለበትም።

ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም በኩል የሚያልፍ ነው። የሳል መድኃኒት አይደለም፣ የሕመም ማስታገሻ ነው። ግን በከተሞቻችን ወጣቶች እጅ መግባቱ የታወቀ ስለሆነና ከሽሮፕ ጋር ስለሚደባለቅ ስሙን ማወቅ ይበጃል። ከልኩ ሲያልፍ ጤነኛውን ልጅ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል።

ሦስተኛው ወገን እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶች ናቸው፤ ፕሮሜታዚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ክሎርፌኒራሚን። እናቶች ለሕፃን «እንዲተኛልኝ» ብለው የሚሰጧቸው እነዚህ ናቸው፤ ይህም መቆም ያለበት ልማድ ነው። ጎረምሳ ሲያበዛቸው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሽንቱ ይያዛል፣ ይቀባጥራል፣ አጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ጫት ከቃሙ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚወስዷቸውም አሉ። በጨብሲ ላይ፣ ማለትም አልኮል ባለበት፣ ሲጨመሩ ትንፋሽ ያዳክማሉ።

የመጨረሻው ፓራሲታሞል ነው። ማንም አይፈራውም። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፕና ክኒን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ልጁ የፈለገው ሌላውን ሆኖ ሳለ ፓራሲታሞሉን አብሮ ይውጣል። ለጎልማሳ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት የ500 ሚሊ ግራም ክኒን፣ መብለጥ የለበትም። ተንኮሉ በመጀመሪያው ቀን ምልክት ላይታይ መቻሉ ነው። ልጁ ያስታውከዋል፣ በማግስቱ «ተሻለኝ» ይላል፤ ጉበቱ ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይወድቃል። ማርከሻው ይበልጥ የሚበጀው መድኃኒቱ ከተወሰደ ስምንት ሰዓት ሳይሞላው ሲጀመር ነው። ስለዚህ የጉንፋን መድኃኒት ያበዛ ልጅ ደህና ቢመስልም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ይህ ነገር ከቀልድ አልፎ የአገር ጉዳይ ሲሆን አይተናል። ናይጄሪያ ውስጥ ካኖና ጂጋዋ በተባሉ ሁለት ግዛቶች ብቻ በቀን እስከ ሦስት ሚሊዮን ጠርሙስ የኮዴይን ሽሮፕ እንደሚጠጣ የአገሪቱ ሴኔት ገምቶ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ጉዳዩን በፊልም ካጋለጠ በኋላ መንግሥት ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ ማምረትም ማስገባትም ከለከለ። ፓኪስታን ውስጥ በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ላሆርና ጉጅራንዋላ ላይ ሽሮፕ ለስካር ሲጠጡ የነበሩ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ሲመረመር በዴክስትሮሜቶርፋኑ ውስጥ ሊገኝ የማይገባው ሌቮሜቶርፋን የተባለ ብርቱ ኦፒየማዊ ነገር ተቀላቅሎ ተገኘ። አንድ ማንኪያ የጠጣውን ሳይሆን ጠርሙሱን የጨለጠውን ነው የጣለው። ቻይና ደግሞ ወጣቶቿ ስላበዙት በ2024 ዴክስትሮሜቶርፋንን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባችው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ምልክቱን ከልጁ ፊት ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ጠርሙሱን ተመልከቱ። የማትሳሳቱበት ምልክት ሒሳቡ ነው፤ ሳል ሳይኖር ሽሮፑ ካለቀ፣ ወይም ሳሉ ሁለት ቀን ሆኖት ጠርሙሱ በአንድ ሌሊት ከጎደለ፣ የጠጣው ሰው አለ። ጠርሙሱ ላይ የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ አስምሩ። ውኃ የሚጨምርበት ልጅም አይጠፋም፤ ሽሮፕ ሲቀጥን ቀለሙ ይፈዛል፣ ሲያዘነብሉትም እንደ ድሮው ከመስታወቱ ጋር አይጣበቅም። ከዚያ ባዶ ጠርሙስ ይፈለጋል፤ ፍራሽ ሥር፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ከጓሮው ቡና መሐል። ጥቂት ቀርቶት ቀለሙ የተለወጠ የስፕራይት ጠርሙስም ይቆጠራል።

ልጁን ስታዩ ብሌኑን እዩ። ኮዴይንና ትራማዶል ብሌኑን እንደ መርፌ ቀዳዳ ሊያጠብቡት ይችላሉ፤ ይንጎላጃል፣ ገላውን ያካል፣ ሆዱ ይደርቃል። ዴክስትሮሜቶርፋንና የአለርጂ መድኃኒቶቹ በተቃራኒው ያሰፉታል። በዴክስትሮሜቶርፋን የጦዘ ልጅ ሲራመድ ጉልበቱ የማይታጠፍ ይመስላል፣ ዓይኑም ወደ ጎን ይንቀጠቀጣል። ከዚህ ውጭ ያለው፣ ማለትም ውጤቱ መውረዱ፣ ጓደኛ መለወጡ፣ ማምሸቱና ግልፍተኛ መሆኑ፣ ከሽሮፕም ሊመጣ ይችላል፣ ከፍቅርም፣ ከፈተናም። በዚያ ብቻ ልጅ አይወነጀልም።

አደጋ ሲደርስ ግን ምርመራው ይቆይ። ጠርታችሁት የማይነቃ፣ በደቂቃ ከአሥር ጊዜ በታች የሚተነፍስ፣ የሚያንኮራፋው እንደታነቀ ሰው የሆነ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚያንዘፈዝፈው ወይም ሰው መለየት ያቃተው ልጅ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ አሁኑኑ። ትንፋሹን በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። በጎኑ አስተኙት፣ ትውከት እንዳያንቀው። ወተት አታጠጡት፤ መርዝ በወተት ይረክሳል የሚለው ልማዳችን እንቅልፍ የጣለውን ልጅ ሳንባ በወተት ከመሙላት በቀር የሚያመጣው የለም። ዘይት፣ እንቁላል፣ የጨው ውኃም እንደዚያው። ጣት ከትቶ ማስታወክ ክልክል ነው። «እንቅልፉን ይጨርስ፣ ጠዋት እናወራለን» ማለት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በኮዴይን የሚሞት ልጅ የሚሞተው በዚያ እንቅልፍ ውስጥ ነውና።

የማታ ሥራ የሚሠራ የአንድ ባጃጅ ሹፌር ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። መቱ ከሆናችሁ መቱ ካርል ሆስፒታል፣ ወረዳ ከሆናችሁ መጀመሪያ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ። ጠርሙሱን ባዶም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ከማንም ቃል የበለጠ የሚናገረው እሱ ነው። የጠጣው ኮዴይን መሆኑ ከታወቀ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ። ሲቀባጥር ያያችሁት ልጅ ልክፍት የያዘው ሊመስላችሁ ይችላል፤ ጸሎቱን በመንገድ ላይ እየጸለያችሁም ቢሆን መጀመሪያ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ለሐኪሙ ምንም አትደብቁ። «ምግብ ተመርዞ ነው» ብላችሁ የምታድኑት ክብር ልጁን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ከዚያ በፊት፣ ገና ጥርጣሬ ላይ ሳላችሁ፣ የምትነጋገሩበት መንገድ ብዙውን ይወስነዋል። ሲጦዝ አታናግሩት፤ አይሰማችሁም። በማግስቱ፣ ብቻውን ሲሆን፣ ታናናሾቹ በሌሉበት አናግሩት። «አንተ ሱሰኛ!» ብሎ መጀመር በሩን መዝጋት ነው። «ይሄ ጠርሙስ ባለፈው እሑድ እስከዚህ ድረስ ነበር። ማንም አልሳለም። ምን ሆኖ ነው?» በሉትና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ አትሙሉለት። ከካደ አትከራከሩ፤ ሒሳቡን እንደምታውቁ አውቋል፣ ለጊዜው ይበቃል። ካመነ ከማን ጋር፣ ምን ያህል፣ ከምን ጋር ደባልቆ እንደሆነ ጠይቁት። ከምን ጋር የሚለው ከምን ያህል ይበልጣል።

ዱላ እዚህ ጋ ጉዳት አለው። ጉዳቱ ልጁን ማሳመሙ ብቻ አይደለም። የተደበደበ ልጅ ጓደኛው ሲወድቅ አይደውልም፤ ትቶት ይሸሻል። ከልጃችሁ ጋር አንድ ውል ብቻ ማሰር ብትችሉ ይህን እሰሩ፦ «አንተም ሆንክ ጓደኛህ አንድ ነገር ብትሆኑ፣ በየትኛውም ሰዓት ደውልልኝ። በዚያ ሌሊት አልቆጣህም።» ከዚያም ቃላችሁን ጠብቁ። ሽማግሌ ለማስቀመጥ መቸኮልም ያው ነው። ሽማግሌ የተጣላ ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጉድ በአምስት ጎልማሶች ፊት ሲዘረጋ ግን የሚያተርፈው ኀፍረት ነው። ልጁ የሚወደው አንድ አጎት ወይም አንዲት አክስት ከጉባኤው ሁሉ ይሻላሉ።

ሁለት ወቅቶችን ለይታችሁ ጠብቁ። አንዱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የቡና ጊዜ ነው። ወላጅ ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ይውላል፣ ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ ልጁም ለቅሞ የራሱን ገንዘብ ይይዛል። ገንዘቡን መንጠቅ ልክ አይመስለኝም፤ የለፋበት ነው። ከፊሉን ለደብተርና ለጫማ አብራችሁ ገዝታችሁ፣ ኪሱ ውስጥ የሚቀረውን ማሳነስ ግን ይቻላል።

ሌላው የትምህርት ዘመኑ ራሱ ነው፤ ይህ በተለይ የሚመለከተው ከኖፓ፣ ከዲዱ፣ ከበቾ፣ ከዳሪሙ ገጠሮች ልጃቸውን ከተማ ልከው ቤት ለሚከራዩለት ነው። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፣ ቅዳሜ አገር ቤት ሄደው ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። ሲታመሙ ራሳቸው ይገዛሉ፣ ራሳቸው ይለካሉ፣ የአንዱን ለአንዱ ይሰጣሉ። እዚያ ዓይን ያላት አከራይዋ ብቻ ናት። ኪራይ ስትከፍሉ ገንዘቡን ለልጁ ሰጥታችሁ ከመላክ በወር አንድ ጊዜ ራሳችሁ ውሰዱት። «እትዬ፣ ልጄ ካመመው ለእኔ ይደውሉልኝ፤ ቆሻሻ ውስጥ የመድኃኒት ጠርሙስ ካዩም እንዲሁ» በሏት። ትንሽ ቡና ወይም ማር ይዞ መሄድ አይጎዳም። አብረውት የሚኖሩትን ልጆች ወላጆች ስልክም ያዙ፤ የአንዱን ልጅ ነገር ቀድሞ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ የሌላው አባት ነው።

የት እንደምትገዙም ይወስናል። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብር ወይም የገጠር መድኃኒት ቤት ግዙ። ከሱቅ፣ ከጉሊት፣ በሻንጣ ይዞ ከሚዞር ሰው አትግዙ። ጋምቢያ ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. 70 ያህል ሕፃናት የሞቱት ዳይኢትሊን ግላይኮል የተባለ የፋብሪካ ኬሚካል ከተገኘበት የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ጋር በተያያዘ ነው፤ ኩላሊታቸውን ነው ያቆመው። ጠርሙስ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ውስጡ ያለውም አይታወቅም። ለጎረምሶች በጅምላ ኮዴይን ወይም ትራማዶል የሚሸጥ ቦታ ካወቃችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 ነው፤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም መንገር ይቻላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ያለ ፈቃድ መሸጥ ወንጀል ነው።

ደግሞስ ያ ሁሉ ሽሮፕ ለምን ይገዛል? የተራ ጉንፋን ሳል በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ሽሮፕ ቢጠጣም ባይጠጣም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንግሊዝ አገር ያለ ማዘዣ የሚሸጡትን የሳል ሽሮፖች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይሰጡ ብላለች። ማር ግን፣ ይህ አገር በሞላው የሚቆርጠው ማር፣ ዓመት ላለፈው ልጅ የሌሊት ሳል እንደሚያበርድ በጥናት የተደገፈ ነው። ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ብቻውን ወይም በሞቀ ዝንጅብል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ደግሞ የሽሮፕም የማርም ጉዳይ አይደለም። ለቲቢ ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ መስጠት ነው፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ተቋም በነጻ ነው። ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ እየገዛ ወራት የሚያሳልፍ ሰው በቤት ሁለት አደጋ ያኖራል፤ ያልታከመ ሳሉንና ልጁ የሚያገኘውን ሽሮፕ።

ልጁ ለብዙ ጊዜ ሲወስድ የቆየ ከሆነ በአንድ ቀን አስጥሎ ክፍል ውስጥ መቆለፍ መፍትሔ አይደለም። ኮዴይንና ትራማዶል የለመደ ሰውነት ሲነፈግ ያልበዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አጥንቱን ያመዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ ተብሎ ይወርዳል። የመቱ ካርል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይቀበላል፤ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ጅማ አለ። ትምህርቱን አታቋርጡት፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ቤት የሚውል ልጅ ሽሮፑን ብቻ ነው የሚያስበው።

አሁን መደርደሪያውን ፈትሹ። ጊዜው ያለፈበትንና የማይፈለገውን ሽሮፕ ወደ ወንዝ አትድፉት። በቡና አተላ ወይም በአመድ ለውሳችሁ፣ ሊጠጣ እስከማይችል አድርጋችሁ፣ በፌስታል ቋጥራችሁ ከቆሻሻ ጋር አስወግዱት፤ ወይም የሸጠላችሁ መድኃኒት ቤት ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። የሚፈለገውን ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ አኑሩ፣ መክፈቻውም እናንተ ጋ ይሁን። የታጠበውን ጠርሙስ ለጋዝ መያዣ አታድርጉት፤ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በጨለማ አንስቶ የሚጠጣው ሰው አይጠፋምና።